ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም

ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው። ቴሌግራም ግን ይሽከረከራል እንጂ አይገባም። ዩቲዩብም አይከፍትም። እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን እጃችን የሚሄደው ወደ ሶኬቱ ነው፤ ራውተሩን ነቅለን እንሰካለን። ካልሠራ እንደገና እንነቅላለን። አንዳንዴ ይሠራል። ለምን እንደሠራ ግን አናውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ከዚያው እንጀምራለን።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፣ የምሠራውም ከቤት ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። የትንንሽ ሱቆችን መዝገብ እይዛለሁ፤ ወር ሲያልቅ የግብር ማስታወቂያቸውን በኢንተርኔት አስገባላቸዋለሁ። ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ። ቅጣቱ ደግሞ የሚወጣው እንደ ምንም ተሟሙቶ ከሚኖር ሱቅ ኪስ ነው። ስለዚህ «እስቲ ይምጣ» ብዬ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ከጊዜ ብዛት ራውተር ማየት ለመድኩ። አሁን በብሎካችን የአንዱ ቤት ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ደስ እያለኝ ነው የምሄደው።

ስሄድ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የተቆረጠው የት ጋ ነው? ከስልካችሁ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ በአየር ነው። ከራውተሩ እስከ አገልግሎት ሰጪው ያለው በመዳብ ሽቦ ወይም በፋይበር ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ነው። ስልኩ ላይ የምታዩት ምልክት የሚነግራችሁ ስለ መጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው። ራውተሩን ከግድግዳው መስመር ብትነቅሉት እንኳ ዋይፋዩን ማሰራጨቱን አይተውም። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ከጀርባው ግን ምንም የለም።

ስለዚህ ስልኩን አስቀምጡና ራውተሩን ፊት ለፊት እዩት።

የመዳብ የስልክ መስመር ከሆነ ዲኤስኤል የሚል መብራት አለው። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ራውተሩ ከወዲያኛው ጫፍ ካለው መሣሪያ ጋር ለመግባባት እየሞከረ ነው፤ ገና አልተሳካለትም። ረግቶ ከበራ ሽቦው ደህና ነው። ዲኤስኤሉ ረግቶ ኢንተርኔት የሚለው ቀይ ከሆነ ወይም ጭራሽ ካልበራ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ የመለያ ስሙና ፓስዎርዱ ተቀባይነት አላገኘም፣ ወይ ሂሳብ አልተከፈለም፣ ወይ ከወዲያ በኩል ሲስተም ቆሟል። ለእኛ ሁለቱም «ኢንተርኔት የለም» ናቸው። መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። አንዱ መሰላልና መቆንጠጫ የያዘ ሰው ይፈልጋል፤ ሌላው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አካውንታችሁን የሚያይ ሰው። መብራቱን ሳታዩ ከደወላችሁ የተሳሳተው ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ቀናችሁም በከንቱ ይሄዳል።

አሁን ስለዚያች ትንሽ ቀዳዳ ልናገር። ከራውተሩ ጀርባ ወይም ከሥሩ ናት፤ ሪሴት ትባላለች። በመርፌ ለ10 ሰከንድ ያህል ከተጫናችኋት ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። እባካችሁ አትንኳት። ነቅሎ መሰካት የራውተሩን ማስታወሻ አያጠፋም። ይቺ ቀዳዳ ግን ጠርጋ ነው የምታጠፋው። ባለሙያው ሲገጥም ያስገባው ፒፒፒኦኢ የሚባለው መለያ ስምና ፓስዎርድ ይሄዳል። በመዳብ መስመር ላይ ቪፒአይና ቪሲአይ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮችም አሉ፤ ፋብሪካው ካስገባቸው የተለዩ ከሆኑ እነሱም አብረው ይጠፋሉ። መስመሩ ተበላሽቶ ሳለ ሪሴት ያደረገ ቤት አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል። ሽቦው ተጠግኖ እንኳ ኢንተርኔቱ አይመጣም።

ከታች የሚኖሩት እማማ ልጃቸው ቤይሩት ናት። እሁድ እሁድ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው ይጠብቋታል። አንድ ጊዜ ኢንተርኔቱ ጠፋባቸው። የሰፈር ልጅ ሊረዳቸው ብሎ ቀዳዳዋን ተጫናት። ልጁ በጎ አስቦ ነው። ግን ፓስዎርዱ የተጻፈበት ወረቀት አልነበረም። አዲስ ፓስዎርድ እስኪሰጣቸው ድረስ እሁዱ አለፈ። «ልጄ፣ ቀዳዳ ተነካ ብሎ እንዲህ ይሆናል?» አሉኝ። ያንን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ፣ መለያ ስሙንና ፓስዎርዱን ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉ። ከውሉ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡት። ራውተሩ ላይ አትለጥፉት፤ እንግዳ ሁሉ ያየዋል።

የእኔ ቤት መስመር የመዳብ ነው። ባለፈው ክረምት ያስቸገረኝን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው ችግር ይኸው ነው።

ሐምሌ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራል። ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ይጠፋል። ማታ ይመለሳል። የዲኤስኤሉ መብራት ይረጋል፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይረጋል። ከዝናብ ጋር የሚሄድና የሚመጣ መስመር ካያችሁ መጀመሪያ ውኃን ጠርጥሩ። ራውተር ዝናብ መጣ ብሎ አይበላሽም።

መጀመሪያ ያነሳሁት የቤት ስልኩን ነው። የቤት ስልክ ያለው ሰው ጥሩ መመርመሪያ አለው ማለት ነው። እጀታውን አንሱና አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኑ። ድምፁ ይቋረጣል። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ጥርት ያለ ጸጥታ መሰማት አለበት። እኔ የሰማሁት ግን የጋለ ዘይት ላይ እንደገባ ሽንኩርት ያለ መንጫጫት ነበር። የሰው ድምፅ የሚሄደው በመስመሩ የታችኛው ክፍል፣ ከ4 ኪሎኸርትዝ በታች ነው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት፣ ኤዲኤስኤል የሚባለው፣ ከዚያ በላይ፣ ከ25 ኪሎኸርትዝ ገደማ ጀምሮ እስከ 1.1 ሜጋኸርትዝ ይጠቀማል፤ ፈጠን ያለው ዓይነቱ ኤዲኤስኤል2ፕላስ ደግሞ እስከ 2.2 ይደርሳል። ሽቦው ግን አንድ ነው። በጆሮ የሚሰማ ጉዳት ካለበት ኢንተርኔቱም አይተርፍም።

ቀጥሎ የቤቴን ነገር ሁሉ ከመስመሩ አስወጣሁ። ስልኩን ነቀልኩ። ድምፅና ኢንተርኔት የምትለየውን ስፕሊተር ነቀልኩ። ሳሎን ውስጥ በበሩ ጥግ የሚዞረውን ማራዘሚያም አነሳሁ። ራውተሩን ከዋናው የግድግዳ ሶኬት ጋር በአጭር ገመድ ብቻ አገናኘሁት። አሁንም ያው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ጥፋቱ ከግድግዳዬ ወዲያ ነው። መብራቱ ቢረጋ ኖሮ ግን የነቀልኳቸውን አንድ በአንድ እየመለስኩ ጥፋተኛውን አገኘው ነበር። ስፕሊተርና ማራዘሚያ በጣም ነው የሚያስቸግሩት፤ ደግሞ ዋጋቸው ቀላል ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሬን በኬብል ሰክቼ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። ብሮውዘሩ ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ የአንዳንዱ ራውተር አድራሻ ከዚህ ይለያል፣ ከሥሩ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይህን ገጽ ለመክፈት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የምታናግሩት ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ራውተር ነው። የዲኤስኤል ሁኔታ በሚለው ቦታ ኤስኤንአር ማርጂን የሚባል ቁጥር አለ። ሲግናሉ ከጩኸቱ በላይ ሆኖ ለመሥራት ከሚያስፈልገው አልፎ ምን ያህል መጠባበቂያ እንደቀረው በዴሲቤል ይነግራችኋል። 6 ገደማ ከሆነ ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ መስመሩ ሊበጠስ ይችላል።

ጠዋት ሳየው 11 ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደመናው ጠቆረ። ገጹን እያደስኩ ተቀመጥኩ። ጣሪያው ላይ መንኳኳት ሲጀምር ቁጥሩ 9 ሆነ። 7 ሆነ። ዝናቡ ሲበረታ 5፣ ከዚያ 3። ከዚያ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። የሆነው ሁሉ ቁጥር ሆኖ ፊቴ ነበር።

ስደውል «ኢንተርኔት አልሠራ አለ» አላልኩም። «የዲኤስኤል መብራቱ ዝናብ ሲጥል ይበጠሳል፤ ስልኩ ላይ ጩኸት አለ፤ በቀጥታ ከግድግዳው ሰክቼም ያው ነው፤ ማርጂኑ ከ11 ወደ 3 ይወርዳል» አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ እያንዳንዱን እየደገመች ጻፈችው። የመስመር ባለሙያ መጣ። ቤቴ መግባትም አላስፈለገውም። ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ወዳለው ማከፋፈያ ሳጥን ወረድን።

የሳጥኑ ክዳን አንድ ብሎን ጎድሎታል፤ በአንድ ጥጉ ተከፍቷል። ሲከፍተው ውስጡ በላብ እንደራሰ ነው። የሽቦዎቹ መጋጠሚያ አረንጓዴ ዱቄት አብቅሏል። መዳብ እርጥበት ሲያገኘው እንዲህ ይሆናል። «እህቴ፣ ራውተር ብትቀይሪ ኖሮ ብርሽ ነበር የሚቃጠለው» አለኝ። የእኔን ጥንድ ሽቦ ጫፉን ቆረጠው፤ ሲልጠው ቀይ ንጹሕ መዳብ ወጣ። ደረቅ ወደሆነ ሌላ መጋጠሚያ አዛወረው። ከዚያ በጣም የወደድኩትን ነገር አደረገ። ከላይ የሚመጣው ገመድ ቀጥ ብሎ ነበር ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው። ገመዱን ወደ ታች አወረደውና መልሶ ከሥር አስገባው። ውኃው ገመዱን ተከትሎ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባት ይልቅ መታጠፊያው ላይ ደርሶ መሬት ይንጠባጠባል። የጎደለውን ብሎን ከኪሱ አውጥቶ ገጠመ። ማታ ዝናቡ ዘንቦ ማርጂኑ 12 ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሲገጥማችሁ አመስግኑት፤ ሥራው ለብዙ ክረምት ነው።

ፋይበር የገባላችሁ ደግሞ ሌላ መብራት እዩ፤ ኤልኦኤስ የሚለውን። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ እናንተ ጋ አልደረሰም። ከሶፋ ጀርባ ያለውን ቀጭን ገመድ ፈልጉ። ፋይበር እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አይታጠፍም፤ ጠበብ አድርገው ከጠቀለሉት ወይም ቁምሳጥን ከተጫነው ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ይባክናል። የራውተሩ ገጽ ላይ የሚደርሰው የብርሃን መጠን ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ይታያል፤ ከ -27 ገደማ በታች ከወረደ ደክሟል ማለት ነው። አረንጓዴውን ጫፍ ነቅላችሁ በጣት አትንኩ፣ በዓይንም አትዩት። የሚሄድበት ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ስለማይታይ ግን የለም ማለት አይደለም። ፋይበር አንድ ደስ የሚል ነገር አለው፤ በመንገድ ላይ ብርሃኑን ለቤቶች የሚያከፋፍለው ሳጥን መብራት አይፈልግም። የሰፈሩ መብራት ጠፍቶም ራውተራችሁ ባትሪ ካለው ብዙ ጊዜ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ? ትንሽ ታገሱ። ራውተሩ ቶሎ ይነሳል፤ ከወዲያ ያለው መሣሪያ ግን የቀድሞውን ግንኙነታችሁን ገና እንደያዘ ሊሆን ይችላል። አሁንም አሁንም እየነቀላችሁ ብትሰኩት ያራዝመዋል እንጂ አያፈጥነውም። ጥቂት ደቂቃ ነቅላችሁ ተዉትና አንዴ ሰክታችሁ ጠብቁ።

ቻርጀሩንም አትርሱት። ፓወር የሚለው በራ ማለት ቻርጀሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የደከመ ቻርጀር መብራቱን ያበራል፤ ዋይፋዩ ሥራ ሲበዛበት ግን አቅም ያጣና ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ሌላ ስትገዙ ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ 12 ከሆነ 12። አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። መብረቅ ሲበዛ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የመዳብ ስልክ መስመሩንም ንቀሉ፤ በዚያም በኩል ይገባል።

መብራቶቹ ሁሉ ደህና ሆነው እምቢ ካለስ? ያኔ ኮምፒውተሩ ያገኘውን በቁጥር የሚጻፍ አድራሻ (አይፒ የሚባለውን) እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አልተሰጠውም፤ ለራሱ ነው የሰጠው። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ፒንግ 8.8.8.8 ብላችሁ ሞክሩ፤ ፒንግ ማለት ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። መልስ መጥቶ ድረ ገጽ ግን አልከፍት ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ላይ ነው። ቴሌግራም እየሠራ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲልም እሱኑ ጠርጥሩ። ዲኤንኤሱን በእጅ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በብሎካችን የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ሁለተኛ ራውተር ነው። መኝታ ቤት አልደርስ ሲል ወይም ከጎረቤት ጋር ሲጋሩት ሰዎች ሌላ ራውተር ገዝተው በኬብል ያያይዙታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም ራሳቸውን 192.168.1.1 ነኝ ይላሉ፤ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ። አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም፤ ነገ ደግሞ ይገለበጣል። ሰው መስመሩን ይጠረጥራል። ሁለተኛውን ከማያያዛችሁ በፊት አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጉት፤ አድራሻ የሚያድለውን፣ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ አጥፉት፤ ኬብሉንም ከአንደኛው ራውተር ላን ከሚለው ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው ላን አስገቡ። በቃ፣ ይሠራል።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያደክመው ግን ራውተሩ ምንም ሳይሆን የሚመጣው ነው። አጎቴ ሳሪስ የጽሕፈት ሱቅ አለው። ኮፒ ያደርጋል፣ ፎርም ያስሞላል። ደውሎ ኢንተርኔት ጠፋ አለኝ፤ ራውተር ሊቀይር ነው። «ጋሼ፣ ስልክህ ላይ ይሠራል?» አልኩት። ይሠራል። ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው እምቢ ያለው። ሄድኩ። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ፒንግ ይመልሳል። ብሮውዘሩ ግን የትኛውንም ገጽ ስከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይመልሰኛል። ታች ጥግ ያለውን ቀን አየሁ፤ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቅ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 ትባላለች። እሷ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ድረ ገጾች ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የማንነት ማረጋገጫ አላቸው። የዚህ ማረጋገጫ ዕድሜ አጭር ነው፤ ዓመታት አይቆይም። ኮምፒውተሩ ዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ ማረጋገጫው ለእሱ ገና አልወጣም። ስለዚህ በሩን ይዘጋል። ባትሪዋን ቀየርንለት፣ ቀኑን አስተካከልን፤ ወረፋ ሲጠብቅ የነበረው ተማሪ ፎርሙን ሞላ።

ይኸው ነገር ስልክ ላይም አለ፤ እሱ ደግሞ የእኛው አገር ጉዳይ ነው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታያቸው ፈልገው ዓመቱን በእጅ ወደ ኋላ ይመልሱታል። 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ስልክ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ ምንም አይከፍትም። ዓመቱን ሳይነኩ ሰዓቱን ብቻ በ6 ሰዓት የሚመልሱም አሉ፤ እነሱ ድረ ገጹ ይከፈትላቸዋል፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ኮድ ሲጠየቁ ግን ኮዱ ልክ አይደለም ይባላሉ። የእማማም ስልክ አንድ ጊዜ እንዲሁ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ ላይ መለስኩት፤ የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያም ጫንኩላቸውና ከስልኩ ፊት ገጽ ላይ በትልቁ አወጣሁት።